በየትኛው መብራት ነው ያያችሁት?

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከከሚሴ መናኸሪያ ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ ባጃጅ አስቆምኩ። የምወርድበትን ሰፈር ተናግሬ ሳልጨርስ ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሬዲዮዋ እትዬ ዘይነብ አይደሉ?»

«ነኝ።»

«መብራት አለ?» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ከሰንበቴ እስከ ጨፋ ሮቢት ይህን ያልጠየቀኝ የፍየል ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። ልጁን ከየት እንደሰማው ብጠይቀው «አባቴ ሬዲዮ በከፈተ ቁጥር ይላታል፤ ለምን እንደሚላት ግን አላውቅም» አለኝ። ወላሂ፣ ቀልዱ ከነባለቤቶቹ ሳይረሳ የነገሩን መነሻ መጻፍ እንዳለብኝ የወሰንኩት እዚያው ባጃጁ ውስጥ ነው።

የሥራ ዘመኔ በከሚሴ ተጀምሮ በከሚሴ ነው ያለቀው። በመሐሉ የጨፋ ሮቢት ዘጋቢ ሆኛለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ የሰንበቴን ገበያ ለረጅም ጊዜ ይዣለሁ። የምንሠራው በሁለት ቋንቋ ነበር፤ አንዱን ዘገባ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ወዲያው ደግሞ በአማርኛ እናነባለን። አብዛኛው ሰሚያችን ሁለቱንም ስለሚያውቅ ሁለቱንም ይሰማል፤ ሁለቱንም ያርማል። አለቆች ተቀያይረዋል። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ ሌላው የሰዓት ፊርማ። አበል ይዘገይ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣ ነበር። ቦርከና ሞልቶ እርሻ ሲበላ ዘግቤያለሁ፤ አንበጣ ሰማዩን ሲሸፍን ዘግቤያለሁ። ልቤ እስከዛሬ የሚዘልለው ግን በዓይን የማይታይ ነገር የዘገብኩበት ጊዜ ትዝ ሲለኝ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አዘጋጃችን አያ ሁሴን ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። የውጭ ቃል ያለበት ጽሑፍ ሲደርሳቸው መዝገበ ቃላት አይከፍቱም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው ሻይ ቤት ተሻግረው ለባለቤቷ ያነቡላታል። ሴትዮዋ ብርጭቆ ማጠቧን ካላቋረጠች ጽሑፉ አለፈ። እጇን አራግፋ «ምን አሉ?» ካለች ያ ቃል ይሰረዛል፤ በቦታውም ገበያ ላይ የሚነገር ቃል ይገባል። በዚህ መንገድ የተሰረዘብኝን ቃል ብሰበስበው አንድ ፕሮግራም ይሞላል።

ዘገባው በሚተላለፍበት ሰዓት ደግሞ ስቱዲዮ አይገኙም። ትንሿን ሬዲዮ ኮታቸው ኪስ ከተው ሰው ወዳለበት ይሄዳሉ፤ መናኸሪያ፣ ወፍጮ ቤት፣ የከብት ተራ። ከፍተው ያስቀምጡና ዓይናቸውን ሰሚው ፊት ላይ ያደርጋሉ። «ዘገባ የሚታረመው እዚህ ነው» ይሉኝ ነበር፤ በጣታቸው ግንባራቸውን እየነኩ።

ዓረፋ ሊደርስ ወራት የቀሩበት ጊዜ ነበር። ሉባባ የምትባል የፍየል ነጋዴ ሰንበቴ ላይ ችግር ገጠማት። ሉባባ ከአፋር ቆላ ከሚመጡ ነጋዴዎች ፍየል በዱቤ ትረከባለች፤ ቀልባ አወፍራ ለበዓል ታወጣለች። ገበያ መሐል ከወንዶቹ እኩል የምትጮህ፣ ከወንዶቹ በላይ የምትስቅ ሴት ናት። በዚያ ዓመት የግልገሎቿ ከንፈር ላይ ወፍራም ቅርፊት ያለው ቁስል ወጣ። የደላሎቹ አለቃ እንድሪስ አንዷን ግልገል አይቶ «ፈንጣጣ ነው» አለ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሉባባ ፍየሎቿን ይዛ እንዳትመጣ ተነገራት።

እንድሪስ ክፉ ሰው አልነበረም። የፍየል ፈንጣጣ ከሆነ ገበያው በሙሉ ሊዘጋ ይችላል፤ ያውም ዓረፋ እየቀረበ። ሉባባ ደግሞ «ፈንጣጣ ያስገባች ሴት» ከተባለች ሰንበቴ ላይ ፍየል በእምነት የሚሰጣት አይኖርም። ሌላ መልስ ሊኖር የሚችለው በሽታው ሐኪሞቹ ኦርፍ የሚሉት የአፍ ቁስል ከሆነ ብቻ ነው። እሱም ይጋባል፤ ግን በሳምንታት ውስጥ ቅርፊቱ ረግፎ አብዛኛው እንስሳ ይድናል። ሉባባ የሚያስፈልጋት የበሽታው ትክክለኛ ስም ነበር።

ናሙናውን የወሰደው ከማል የሚባል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ከእሱ ጋር ከሚሴ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጣቢያችንም የሚሠራው በጄኔሬተር ነበር። ከማል ግን አልተጨነቀም፤ አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ከእንጨት ሣጥኑ አውጥቶ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠው። ከሥሩ ትንሽ ክብ መስታወት አለው። ከማል መስታወቱን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲያዞረው የከሚሴ ፀሐይ ታጥፋ ወደ ላይ ገባች። ከቅርፊቱ የተፋቀውን ስስ አድርጎ ስላይዱ ላይ ቀባ፤ አደረቀው፤ ሐምራዊ ቀለም አፈሰሰበት፤ አጠበው። በመጨረሻ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጎ ትልቁን ሌንስ ዘይቱን እስኪነካ አወረደው። አንገቱን ደፍቶ ማየት ጀመረ።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ባክቴሪያ አያለሁ። እሱ ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ የገባ ነው። የምፈልገው ቫይረሱን ነው፤ እሱ በዚህ መልኩን አይሰጠኝም።»

«መሣሪያው አርጅቶ ነው?»

«አዲስ ቢሆንም ያው ነው። ብርሃን ራሱ ለዚህ ይወፍራል። ቢታይ እንኳ እንደ አቧራ ነጥብ ነው፤ ፈንጣጣ ይሁን ኦርፍ በነጥብ አይለይም። ናሙናውን ወደ ማዕከል እልከዋለሁ፤ እነሱ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላለው ላቦራቶሪ ያደርሱታል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ስትጽፊ ግን 'የለም' እንዳትዪ። 'አልታየም' በይ።»

ጎንበስ ብዬ እኔም አየሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ አየሁ፤ ከዚያ ድንገት አንድ ሐምራዊ ዓለም ተዘረጋ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ እስትንፋሴን የያዘኝ ጥቂት ነው። ወደ ጣቢያው የተመለስኩት እየሮጥኩ ነበር ማለት እችላለሁ።

ጽሑፌ አጭር ነበር፤ «በብርሃን ማይክሮስኮፕ በተደረገው ምርመራ ቫይረሱ አልታየም፤ ናሙናው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ተልኳል» ይላል። አያ ሁሴን እንደ ልማዳቸው ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገሩ። የአፋን ኦሮሞውን ሲያነቡ ብርሃን ማለት የሆነው «ኢፋ» ያለ ችግር አለፈ። አማርኛው ላይ ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«የብርሃን? የምን ብርሃን? ሰው እንዲህ ያወራል እንዴ?»

አያ ሁሴን ፈገግ ብለው እስክሪብቶ አወጡ። «ብርሃን» የሚለውን ሰርዘው «መብራት» አሉት። ሴትዮዋ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች። ጽሑፉ አለፈ።

እሑድ ሰንበቴ ላይ የከብት ዋጋ እየቀዳሁ ነበር። ነፋሱ እንዳያስቸግረኝ የማይክሮፎኑን ራስ በሕፃን ካልሲ ሸፍኛለሁ። አያ ሁሴን ከደላሎቹ መሐል ተቀምጠው ሬዲዮዋን ከፈቱ። ሉባባ ፍየሎቿን ቤት ትታ ብቻዋን መጥታ፣ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ኦሮምኛው ተነበበ፤ ሰው ዝም ብሎ ሰማ። አማርኛው «በመብራት ማይክሮስኮፕ በተደረገው ምርመራ» ከማለቱ እንድሪስ ጭኑን መታ።

«ስሙ! ስሙማ! መብራት ከጠፋ ሳምንቱ! በየትኛው መብራት ነው ያያችሁት?»

«ኦሮምኛው ላይ ኢፋ አሉ፣ አማርኛው ላይ መብራት አሉ» አለ ሌላው። «ኢፋማ የቀን ብርሃን ነው። አንዱን ምረጡ እንጂ!»

«ኤሌክትሮኑስ ምንድነው?»

«እሱ ጄኔሬተር ያለው ነዋ!»

ሳቁ ከከብት ተራው አልፎ እህል ተራ ደረሰ። ሳቁ ሲያልቅ የቀረው ነገር ግን አያስቅም ነበር። እንድሪስ ወደ ሉባባ ዞረ። «ምርመራ አልተደረገም። ላንቺ ሲሉ ነው ያወሩት። ሂጂ አንቺ ሴት፣ ገበያችንን አታስዘጊብን።»

ሉባባ አልጮኸችም። እሷ ሳትጮህ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። በአጠገቤ ስታልፍ «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብትዪ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

ብዙ ዘገባ ተበላሽቶብኛል፤ እንደዚያ ዓይኔ እያየ ሰው ላይ የወደቀ ግን የለም። እውነት ነበር የተናገርነው። ምርመራውም ተደርጓል። አንድ ቃል ግን በእኛ አገር ሁለት ነገር ነው፤ መብራት የሚያበራውም ነው፣ ከምሰሶው የሚመጣውም ነው። ባለ ሻይ ቤቷ ያሳለፈችው ቃል ገበያው ላይ ወደቀ።

አያ ሁሴን ሬዲዮዋን ዘግተው ተነሱ። ፊታቸው ላይ የተለየ ነገር አልነበረም። ወደ እንድሪስ ሄደው «ልክ ነህ» አሉት። «መብራት አልነበረም። ቃሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በምን እንዳየን መጥተን ብናሳይህስ?»

እንድሪስ ይህን አልጠበቀም። «ቶሌ፣ እሺ» አለ፤ «ኑ! ገበያው ለሁሉም ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ከማል የእንጨት ሣጥኑን ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎ ሰንበቴ ደረሰ። ጠረጴዛ ተዋስን። ከማል መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረና ከቦርከና የተቀዳ ውኃ አንድ ጠብታ ስላይዱ ላይ አደረገ። ሰዉ ተከመረ። የመጀመሪያው እንድሪስ ነበር።

«ጨለማ ነው!» አለ ወዲያው። «አላልኳችሁም?»

«አያ እንድሪስ፣ የጨፈንከውን ዓይን እኮ ነው ያስጠጋኸው!» አለው ከማል።

እንድሪስ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ እንደገና ጎነበሰ። ቀጥሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«ያ ረቢ! ይዋኛል! እግር አለው! ኧረ እየመጣብኝ ነው!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁም። ከደጋ እህል ይዞ የወረደው፣ ከቆላ ግመል ይዞ የወጣው፣ ሁሉም ተሰለፈ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አይታ ስትመለስ «የት የተቀዳ ነው?» አለች።

«ከቦርከና።»

«ሱብሃነላህ! እየጠጣን የኖርነው ይሄን ነው?»

«አፍልተሽ ጠጪ» አላት ከማል፤ «ሲፈላ መዋኘቱን ይተዋል።»

ማይክሮፎኔን ወደ ሁሉም አፍ እያስጠጋሁ እሮጣለሁ። ካልሲው ወድቆብኛል፤ አላነሳሁትም። እንዲህ ያለ ድምፅ በሥራ ዘመን አንዴ ይገኛል።

ከማል ቀጥሎ የሉባባን ፍየል ስላይድ አስገባ፤ ደርቆ ቀለም የተቀባውን። እንድሪስ አየ። «ሐምራዊ ነገር አለ። ነጠብጣብ አለ። ፈንጣጣው ግን አልታየኝም።»

«'አልታየኝም' ነው ያልከው፤ 'የለም' አላልክም» አለው ከማል። «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር።»

«ታዲያ ሌላኛው መሣሪያ በምን ያየዋል?»

ከማል ወደ አያ ሁሴን ተመለከተ። አያ ሁሴን ከአንድ የደጋ ነጋዴ ጋቢ ተዋሱ። አጣጥፈው አጣጥፈው አጠገባቸው በቆመ ሙክት ወገብ ላይ ጣሉትና «እንድሪስ፣ ና ይሄን ዳስሰህ ስቡን ንገረኝ» አሉ።

እንድሪስ በጋቢው ላይ ተጫነ። «እንዴት አውቄ? ጋቢውን አንሱልኝ እንጂ!»

«ፍየል መሆኑንስ አወቅህ?»

«እሱማ ጀርባው ይታወቃል። ወፍራም ይሁን ከሲታ ነው የማይለየው።»

«ብርሃንም እንደዚሁ ነው» አሉ አያ ሁሴን። «ይሄ የሚዋኘው ትልቅ ነው፤ በጋቢም ቢሆን ይዳሰሳል። ቫይረሱ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ብርሃን ይወፍርበታል። ሌላኛው መሣሪያ የሚዳስሰው ኤሌክትሮን በሚባል ከብርሃን በጣም በሚቀጥን ጨረር ነው። ባዶ ጣት በለው።»

«ታዲያ ይሄን ጣሉና ያንን አምጡዋ!»

«አይሆንም» አለ ከማል በችኮላ፤ ማይክሮስኮፑን ሊነጥቁት የመጡ ይመስል እጁን ጭኖበት። «ያኛው የሚዋኝ ነገር አያሳይህም። እዚያ የሚገባው የሞተና የደረቀ ነው፤ አየሩ ሁሉ ከውስጡ ይመጠጣል። ቀለምም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ሌንሱ እንኳ መስታወት አይደለም፤ ጨረሩን የሚያጥፈው ማግኔት ነው። ለሚንቀሳቀስ ነገር ይሄ፣ ለጥቃቅኑ መልክ ያኛው። ደግሞ ይሄ ፀሐይ ካለች ይበቃዋል። ያኛው ያለ መብራት አንዲት ደቂቃ አይሠራም፤ ግን የሚያይበት ብርሃን አይደለም።»

እንድሪስ አሰበ። «መብራት ይበላል፣ ብርሃን ግን የለውም?»

«ልክ።»

«ይሄማ የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ነው!»

ያን ቀን የቀዳሁትን ሳልቆርጥ አስተላለፍነው። «መብራት አለ?» የሚለው ሰላምታ የተጀመረው ከዚያ ፕሮግራም ነው። ሉባባም ጠረጴዛው ጋ ቀርባ አየች፤ በሳቁ መሐል ግን ከማል እጇን ሲይዝ ተመለከትኩ። ሌባ ጣቷ ላይ ክብ ቁስል ነበረባት።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ግልገሎቹን አፋቸውን ከፍቼ ሳበላ ነው የወጣብኝ። ልትቆርጠው ነው?»

«አብሽሪ፣ በራሱ ይድናል። ሸፍኝው፣ ጤና ጣቢያም አሳዪው።» ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፍየል ፈንጣጣ ሰው አይዝም። ኦርፍ ግን ይይዛል። ይሄን እንዳትዘግቢ፤ ጥርጣሬ ነው፣ መልስ አይደለም።»

አልዘገብኩም። ያን ወሬ ይዞ ዝም ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቅ የሙያ ሰው ብቻ ነው።

መልሱ ሲመጣ ጨፋ ሮቢት ነበርኩ። ከማል ደወለ። ያ የተረጋጋ ሰው ይንተባተብ ነበር። «ነይ፣ ነይ፣ ፎቶው መጥቷል፤ በስልክ አይነገርም፣ ነይ!»

የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ከሚሴ ገባሁ። ከማል ስልኩን ዘረጋልኝ። ግራጫ መደብ ላይ አንድ ሞላላ ነገር ነበር። ዙሪያውን ስስ መስመሮች ተጠምጥመውበታል፤ አንዱ በአንዱ ላይ በአግድም እየተሻገረ፣ ያለማቋረጥ። ጥጥ ፈትሎ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

«ልቃቂት!» አልኩ።

«የክር ልቃቂት!» አለ ከማል፤ እየዘለለ ነበር። «ኦርፍ ነው ልቃቂት የሚመስለው። ፈንጣጣው ሰፋ ያለ ጡብ ነው የሚመስለው፤ እንዲህ የተጠመጠመ መስመር የለውም። እይው፣ እይው እስቲ!»

አየሁት። ቢከመር እንኳ ከጥፍር ሥር የሚጠፋ ነገር መልክ ነበረው፤ ያውም ውብ መልክ። የከሚሴ ፀሐይ የማትደርስበትን መልክ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ አገኘው። ቢሆንም ልማዴን አልተውኩም። ከማልን የላቦራቶሪውን ሪፖርት ከላይ እስከ ታች እንዲያነብልኝ አደረግሁ፤ ደግሞ አስደገምኩት። በኋላ የመጣው የዘረመል ምርመራም ያንኑ አረጋገጠ።

አያ ሁሴን ጽሑፌን ይዘው ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገሩ። በዚህ ጊዜ ብቻቸውን አልተውኳቸውም፤ ተከትያቸው ሄድኩ። ሴትዮዋ «ልቃቂት» የሚለው ላይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አያ ሁሴን እስክሪብቷቸውን ሊያወጡ ሲሉ «አትንኩት!» አለች። «ገብቶኝ ነው፤ እንደገና አንብቡልኝ።»

ለሉባባ ፎቶውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ይቺ ክር ናት እኔን ከገበያ ያስወጣችኝ?» ብላ ያ የምናውቀው ሳቋ መጣ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ቆፍጠን አለች። «ለእንድሪስ ማንም እንዳያሳየው። እኔ ነኝ የማሳየው።»

ከማል ግን አንድ ነገር አስጠነቀቃት፤ ኦርፍም ይጋባልና ቅርፊቱ ከሁሉም ፍየል እስኪረግፍ፣ ከዚያም እሱ መጥቶ እስኪያያቸው ገበያ መግባት የለም። እሷም ጠበቀች። እሑዶች አለፉ። ዓረፋ እየቀረበ ሄደ። የጣቷ ቁስል ቀደመና ዳነ። ቀጥሎ የግልገሎቹ ከንፈር መለስለስ ጀመረ።

ከበዓሉ በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ ሉባባ ፍየሎቿን እየነዳች ሰንበቴ ገባች። ከማል ቀድሞ መርምሮ ፈቅዷል፤ በሬዲዮም ነግረናል። ገበያው ግን መንገድ ብቻ ከፈተላት። ማንም አልቀረባትም፤ ሁሉም እንድሪስን ነው የሚያየው። አያ ሁሴን ከእኔ አጠገብ ቆመዋል፤ ሬዲዮዋ ኪሳቸው ውስጥ እንደተዘጋች ናት።

እንድሪስ መጣ። ሉባባ ምንም ሳትናገር ስልኳን ዘረጋችለት። ልቃቂቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ መለሰላት። ከዚያ በርከክ ብሎ የፊተኛዋን ፍየል አገጭ ያዘ። ከንፈሯን ገልብጦ ወደ ፀሐይ አዞራት፤ ከማል መስታወቱን ያዞር እንደነበረው፣ ቀስ እያለ። ድዷን አየ። የአፏን ጥግ አየ። ሁለተኛዋን ያዘ። ሦስተኛዋን ያዘ።

«እህስ?» አለች ሉባባ።

«አልታየኝም» አለ እንድሪስ።

«'የለም' በላ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

«እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው። የለም ማለት የሐኪሙ ነው፤ እሱም ብሏል።»

ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ሉባባ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ድሮ በምናውቀው ድምፅ፣ እህል ተራ ድረስ በሚሰማው፣ «እንግዲያው ዛሬ ጋቢ የለም፤ በጣትህ ዳስሳት!» አለችው።

እንድሪስ እጁን የፍየሏ ወገብ ላይ አሳረፈ። በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ ቦታ። ቀና ሲል ፊቱ የነጋዴ ፊት ሆኗል።

«እትዬ ሉባባ» አለ፣ «ስንት ትያለሽ?»

እኔም ማይክሮፎኔን አስጠጋሁ።